የሳህኖቹ አንገት

በኒው ሜክሲኮ ሜዳ ላይ የተተከሉት የራዲዮ ቴሌስኮፕ ሳህኖች ሁልጊዜ አንገታቸውን እኩል ያቀናሉ፤ ባልና ሚስት እንኳ እንደነሱ አይስማሙም። የሚያዩት ነገር እጅግ ሩቅ ስለሆነ፣ ተራርቀው ቢቆሙም አቅጣጫቸው አይለያይም።

የጣቢያው ተመራማሪ ሎርና ከምሳ በፊት፣ ትናንት ፈንድቶ ወደ ሞተው ኮከብ አዞረቻቸው። ጋማ ጨረሩን ሳተላይት አይታው ነበር፤ ኤክስሬዩ ተከተለ፣ ከዚያ ለዓይን የሚታየው ብርሃን፤ ሁሉም እየደበዘዙ ናቸው። የራዲዮው ፍካት ቀናት ፈጅቶ ነበር መድመቅ ያለበት። ይኸኛው በየደቂቃው ይደምቃል።

የወጥ ቤቱ ማይክሮዌቭ የሚረጨው ሞገድ እያታለላት መስሏት ሄዳ ነቀለችው። ለውጥ የለም። በሜዳው ዳር ለጥገና የቆመውን ሳህን ግራሶ ወደሚቀባው ባሏ፣ በሳህኑ ሥር ባለው የገመድ ስልክ ደወለች።

«ዌንደል፣ ሞባይልህን አጥፍተሃል?»

«ደግሞ ጀመርሽ! አንዱ ምሳውን እያሞቀ ይሆናላ።»

«ማይክሮዌቩን በእጄ ነቅዬ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው የራበው ኮከብሽ ነው።»

ሎርና ሳቀች። ስልኩን ትከሻዋ ላይ እንደያዘች፣ እያንዳንዱ ሳህን የራዲዮው ፍካት የደመቀበትን አቅጣጫ በራሱ እንዲከተል አዘዘች። ብረቱ ሲንቋቋ በመስኮት ተመለከተች።

ሳህኖቹ እኩል አልቆሙም። ከዚህም ከዚያም ወደ ሜዳው ዳር አዘንብለው፣ አንገታቸውን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ሰብስበዋል፤ ዌንደል መኪናውን ካቆመበት በላይ ወዳለው ባዶ አየር። ሰማዩ ላይ አንድም ደመና የለም።

«ሎሪ፣» አላት ዌንደል በስልኩ፣ «ከላዬ ምን አመጣችሁብኝ? ጥላ ሆነብኝ እኮ።»