የአበቡ ማግ

«አሥር ደቂቃ» ይለኛል መቶ አለቃው፣ በዘንቢል ያመጣሁትን ማግ በጣቱ እያመሰ። «ይኼን ጴንጤ ባልሽን አሳምኚው። ጠመንጃ ይያዝና ሲቀላ ሰፈር የቀበሌ ዘብ ሆኖ ቤቱ ይደር። እምቢ ካለ እርሺው።»

«አሳምነዋለሁ» እላለሁ። ምን አቃተኝ! በ82 ጥቅምት ደርግ በአፈሳ ሲይዘው «ሰው አልገድልም» ብሎ እዚህ ከገባ ሰባት ወሩ። እኔን በናፍቆት መግደሉ ግን አይታየውም።

ባሌ ዳልጮ ግቢው ውስጥ ካለው የሸማ ጉድጓድ ይወጣል። እስር ቤትም ሽመናውን አልተወም፤ እኔ እፈትላለሁ፣ እሱ ይሠራል፣ ልክ እንደ ቤታችን። ከስቷል። የግራ አውራ ጣቱ አብጦ ጠቁሯል፤ ወታደሮቹ ሸማኔ መሆኑን አውቀው ነው የረገጡት። ቁጣዬን ግን አልረሳሁም።

«የአሮን አባት፣ ስማኝ። ያዘው በቃ! አትተኩስ፣ ተሸክመኸው ብቻ ቁም። ጌታ ልብህን ያያል።»

«ልቤን ካየ ጠመንጃውንም ያያላ» ብሎ ይስቃል። ያናድደኛል፤ በዚህ ሳቁ አይደል ያገባሁት!

«እኔንስ ማን ይየኝ?»

«ምነው፣ ደህና አይደለሽም?»

«ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ምን ጎደለኝ።»

ከዘንቢሉ አንድ ልቃቂት ያነሳል። ዓይኑን ጨፍኖ ክሩን በዚያ ባበጠ አውራ ጣቱ ላይ ቀስ እያደረገ ያሳልፈዋል። አንድ ቦታ ላይ ይቆማል።

«እዚህ ጋ አልቅሰሻል።» ትንሽ ይስባል። «እዚህ ደግሞ ተናደሻል፤ በእኔ ይሆናል። ይኼ ሁሉ ወፍራም እንቅልፍ ያጣሽበት ነው። አበቡዬ፣ አንቺ ቀጭን ፈታይ አልነበርሽ?»

ምን ብዬ ልዋሸው?

«ይኼን ማግ ለሌላ ሰው አልሠራውም» ይላል። «ጋቢ አድርጌ እኔው ነኝ የምለብሰው።»

አሁንም «ያዘው» ልለው አፌን እከፍታለሁ። ያን ጣት አያለሁ። በዚህ ጣት? እግዚኦ፣ እንዴት ብዬ!

«በሞቀ ጨው ውሃ ንከረው» ብቻ ብዬው እነሳለሁ።

መቶ አለቃው በሩ ላይ ይጠብቀኛል። «እሺ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ያስሮጥሻል?»

«ገበያው ሳይበተን ጥጥ ልግዛ» እለዋለሁ። «ለጋቢ ይኼ ማግ አይበቃውም።»