ምትክ

የሟቹ ሚስት፣ ባሌ ከእናቱ ጎን እንዲቀበር ተናዞልኛል ትላለች። የሕክምና ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ዶክተር መኩሪያ ግን ሌላ ነው የሚለው። የቀድሞ ተማሪዎች በተሰበሰቡበት ቀን፣ ሌላው ገንዘብና መጽሐፍ ለመስጠት ቃል ሲገባ፣ ሟቹ ተነስቶ «እኔ ስሞት አስከሬኔን ለተማሪዎቹ እሰጣለሁ» ሲል በጆሮው ሰምቷል።

መቃብሩ ተቆፍሯል። ለቀስተኛው ቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ እሷ አስከሬኑን ልትረከብ የትምህርት ቤቱ ሆስፒታል መጥታለች።

«ባሌ የቅርጫ በሬ ነው እንዴ የምትበልቱት?» ጮኸችበት።

«እህቴ፣ አላስገድድሽም። ብቻ አንድ ነገር ላሳይሽ።»

ተማሪዎቹ ወደሚማሩበት ክፍል ይዟት ገባ። አስከሬን እንዳይበሰብስ የሚደረገው መድኃኒት ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ጠረጴዛው ላይ እንደ ቆዳ የደረቀ የአንድ ሽማግሌ አስከሬን ተጋድሟል።

«ወገን ነኝ የሚል አልመጣላቸውም» አላት። «እኔና ባልሽም የተማርነው በእሳቸው ነው። ምትክ ስላጣን እስከ ዛሬ አልቀበርናቸውም።»

ጠጋ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ሽማግሌውን ከግንባር እስከ እግር ሸፈነቻቸው።

«መቃብሩ አለ፤ አልቃሽም አለ» አለች። «እኚህን አባት እኔ እቀብራለሁ። ባሌን እናንተ ያዙት።»