መንገዱ የጠመመበት ቦታ

ለመላው የከተማችን ነዋሪ በታላቅ አክብሮት ተገለጸ፤ የዘጠነኛው መንገድ መጥመም በኮሚቴ ሊጣራ ነው።

የኮሚቴው ጸሐፊ የድምፅ መቅረጫዋን ወደ ሽማግሌው አስጠጋች። «አባባ፣ ይሄ ሰፈር ዱሮ የእናንተ እርሻ ነበር አሉ። አስፋልቱ እዚህ ጋ ምን ነክቶት ጠመመ?»

«ጠጥቶ ይሆናላ!» አለች የሟች ወንድማቸው ሚስት ከበሯ ላይ ሆና። መንገዱ ደጇን ስለበላው መኪና ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቿ ይንጫጫሉ። «ንገሯት እንጂ ጋሼ፤ የዱሮውን ድንበር ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል?»

ሽማግሌው አልሳቁም። ከአስፋልቱ ጠርዝ ብቅ ያለውን የድንበር ድንጋይ በጫማቸው ሸፈኑት። መሐንዲሶቹ መንገዱን የቀየሱት ይህን ድንጋይ ተከትለው ነበር። ድንጋዩን ደግሞ፣ ወንድማቸው ታሞ በተኛበት ክረምት፣ ወደ ወንድማቸው ማሳ ስድስት እርምጃ የገፉት እሳቸው ነበሩ።

«አባባ?»

«ጠመመ። ጠመመ ብያለሁ፤ ለምን አትበይኝ።»