ዛፍ ላይ የተሰቀለው ስልክ

የጎረቤቷ የቢሻው መጥረቢያ በማሳቸው ድንበር ላይ ባለው ቀጭን ባሕር ዛፍ ላይ ሲያርፍ ሐረገ ወይን ከቤት እየሮጠች ወጣች። በሰፈሩ ኔትወርክ የሚይዘው ከዛፉ ጫፍ በላስቲክ ጠቅልላ የሰቀለችው ስልክ ብቻ ነበር። ቤት ውስጥ ያለው ላፕቶፕ ከዚያ ስልክ ኢንተርኔት እየወሰደ የነርስነት ሥራ ማመልከቻዋን እየላከ ነው፤ ምዝገባው ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል።

"ጋሼ ቢሻው፣ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ይታገሡኝ!"

"ዛፋችሁ የገብሴን ውኃ ሲመጥጥ ስንት ዓመት ታገሥሁ? ዘወር በይ፣ እንዳልከተክትሽ!"

"ሰባ በመቶ ደረሰ!" አለች እህቷ ከመስኮቱ።

መጥረቢያው እንደገና ተነሣ። ሐረገ ወይን ዘላ ግንዱን አቀፈች። ቢሻው የሰነዘረውን መመለስ አልቻለም፤ ስለቱ የግራ እጇን ጣት ቆርጦ ግንዱ ላይ ተሰካ።

"በሕግ አምላክ!" ብላ ጮኸች።

በዚያ አገር ይህን ሰምቶ የሚንቀሳቀስ ሰው የለም። ቢሻው መጥረቢያውን ለቆ ደርቆ ቀረ። ደሟ በነጩ ግንድ ላይ ይወርዳል። ነፋስ መጣና የተገመሰው ዛፍ ወደ እርሻው እያዘመመ ተንቋቋ።

"ዘጠና! እንዳይወድቅ!"

ቢሻው "ልንቀሳቀስ?" ሲል ጠየቃት።

"ይደግፉልኝ።"

በገብሱ በኩል ዞሮ ትከሻውን ከግንዱ ሥር አስገባ። እሷ በደማ እጇ ሳበች፣ እሱ እያቃሰተ ገፋ።

"ማመልከቻሽ ገባ!"

እሷ ለቀቀች፣ እሱ ዘሎ አመለጠ። ባሕር ዛፉ ለአጨዳ የደረሰው ገብስ ላይ ተዘረጋ።