መነጽሩ እንዳይንሸራተት

ውባንቺ አርብ ገበያ የገባችው ልጇን አዝላ፣ አህያዋን የማሽላ አገዳ ጭና ነው። አገዳውን ሊገዛ የጠየቃትን ሁሉ «ተሽጧል» እያለች አለፈች። ልጁ ዝም ባለ ቁጥር እጇን ወደ ኋላ ሰዳ እግሩን ትዳስሳለች። ቀጥታ ይርጋ ቤት ሄደች። ይርጋ ማረሻም፣ ቁልፍም፣ ጠመንጃም የሚጠግን ሽማግሌ ነው።

በሩን ዘግታ አገዳውን ስትፈታ ከመሀሉ ጠመንጃ ወጣ፤ ከነመነጽሩ።

«ጋሼ፣ ሲተኮስ መነጽሩ ከቀለበቱ ውስጥ ይንሸራተታል። ንቅንቅ እንዳይል አርገው ይሰሩልኝ።»

«የማን ነው?»

«የባሌ ነበር። አሁን የወንድሙ የልመንህ ነው።»

ይርጋ ቀና ብሎ አያት። ባሏን ገዛኸኝን በእርሻ ወሰን ጠብ ጎረቤቱ ደምሌ እንደገደለው በአካባቢው ያልሰማ የለም።

«ልመንህ ራሱ ለምን አልመጣም?»

«የደምሌ ዘመዶች ገበያውን ሞልተውታል። አገዳ የጫነች ሴት ማን ያያታል?»

ይርጋ ቀለበቶቹን ፈታ። ጣቱን አስገብቶ አወጣና አሸተተው።

«ቅቤ ነው?»

«ዝገት እንዳይበላው ብሎ ቀባው።»

«ሙሽራ መሰለችው እንዴ? ጠመንጃ ይቀባል፣ ቀለበት አይቀባም። ጠመንጃው ሲራገጥ መነጽሩ እንደ ሳሙና ነው የሚያመልጥ።»

ጨርቅ አረቄ ነክሮ ቅባቱን ወለወለ። ከአረቄው ራሱም ቀመሰ። ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ስስ ቅዳጅ ቆርጦ በቀለበቱና በመነጽሩ መሀል አስገባ። ብሎኖቹን አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ እያለ አጠበቀ።

«በአንድ ወገን ብቻ ካጠበቁት ይጣመማል» አለ። «እንደ ጥማድ በሬ ነው። እኩል ካልሳቡ እርሻ የለም።»

ልጁ ከጀርባዋ ተንጠራርቶ መነጽሩ ላይ ያለችውን ክብ ክዳን ጨበጠ። ይርጋ እጁን አላቀቀው።

«ይችን እንዳይነካ። ከሥሯ ያለው መዘውር ከዞረ ጥይቱ ሌላ ቦታ ነው የሚሄድ። ልመንህም አንድ ሁለት ጥይት ተኩሶ ይሞክረው። ያልተሞከረ አይታመንም።»

ውባንቺ የልጁን እጅ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

«አሁንስ አይንሸራተትም?»

«በመዶሻ ቢመቱት ንቅንቅ አይልም።»

«እሱን ነው የፈለግሁ» አለች።

ሲመለሱ ልጁ አለቀሰ። ከመንገድ ዳር ዋርካ ጥላ ገብታ አህያዋን አራገፈችና ጡት ሰጠችው። ቤት ስትደርስ ልመንህ ዘገየሽ ብሎ ተቆጣ።

«የወንድምህን ልጅ በረሃብ ልግደልልህ?» አለችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ መጡ። ቁጭ እንኳ አላሉም።

«ልጄ፣ ልመንህ የሚሰማው አንቺን ነው። እሱ ደምሌን ቢገድል፣ የደምሌ ወገን ነገ ደሙን በማን ይወጣል? ጀርባሽ ላይ ባለው ነው። ተይው በይው። እርቁን ተቀበሉ።»

«አባ፣ ልመንህ ሳይተኩስ ቢታረቅ ሚስቱ እንኳ ውኃ አትቀዳለትም። ዛሬ ቢታረቅ ነገ ጠላ ቤት አንዱ ይሰድበውና እንደገና ይነሳል። ይተኩስ።»

«ሕፃኑስ?»

«ልጄን ለእኔ ይተዉልኝ።»

ቄሱ መስቀላቸውን ሳያሳልሙ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች «ደም የጠማት» እያሉ ሲያሟት ሰማች። እንስራዋን ሞልታ በመሀላቸው አለፈች፤ አንገቷን አልደፋችም።

ልመንህ ጠመንጃውን ሊሞክር ወደ ገደሉ ሊወርድ ሲነሳ በሩ ላይ ቆመችበት።

«ሂድ ተኩስ። እዚህ አገር አንድ ጥይት ጮኸ ማለት ለደምሌ ስልክ ተደወለ ማለት ነው። ሰምቶ ወደ ወገዳ ይሽሽልህ። ወይስ እንዲሸሽልህ ነው የምትፈልግ?»

«ምን አልሽ አንቺ?»

«የሰማኸውን።»

ፊቱ ጠቆረ። «ይርጋ ስለ መነጽሩ ምን አለ?»

«በመዶሻ ቢመቱት ንቅንቅ አይልም አለ።»

ልመንህ ጥይቱን ወደ ዝናሩ መለሰ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ደምሌ አውድማው ላይ ጤፍ ሲያበራይ፣ ልመንህ ከሸለቆው ማዶ በሆዱ ተኛ። ተኮሰ። በሬዎቹ በረገጉ። ደምሌ መንሹን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ልመንህ ደገመ። ደምሌ መንሹን ወደ ደረቱ ሳበ። ልመንህ ሠለሰ። ደምሌ አሁንም ቆሟል።

ሰው ተሯሩጦ በመሀል ገባ። ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ ልመንህን እጁን ይዘው ወደ አውድማው አሻገሩት። ከደምሌ በስተግራ ቋጥኝ አለ። ሦስቱም ጥይት እሱ ላይ ነው ያረፈው፤ የሰው መዳፍ በሚሸፍነው ቦታ።

ልመንህ መነጽሩን ጨብጦ ወዘወዘው። አልነቃነቅ አለ። ቢንሸራተት ኖሮ መነጽሩን ይሰድብ ነበር። ጥይቱም እዚህና እዚያ ይበተን ነበር። ጠመንጃውን መሬት ላይ አኖረ።

«እኔ ተኩሻለሁ» አለ። «ሰው አይደለም የመለሰብኝ።»

«መድኃኔዓለም ነው» አሉ ቄሱ። «ከእንግዲህ የሚተኩስ ከእሱ ጋር ነው የሚጣላ።»

ደምሌ ከልመንህ እግር ላይ ወደቀ። ልመንህ አነሳው። ሁለቱ ወገኖች እዚያው፣ መስቀሉን መትተው ማሉ። ሰው ሁሉ ተራ ይዞ ጥይቱ ያረፈበትን ቋጥኝ ይሳለም ጀመር።

ውባንቺ ተራዋ ደርሶ ጎንበስ ስትል፣ ያን ዕለት ከዋርካው ሥር የመነጽሩን መዘውር እስከ መጨረሻው ስታዞር ጥፍሩ የተሰበረባትን አውራ ጣቷን በነጠላዋ ሸፈነችው።