የፀጉር አስተካካዩ ሆድ

«ዶክተር፣ ይሄን ጆሮ ግንድህን ማነው እንዲህ ያበላሸው? ስወጣ እኔ ጋ ና፣ በነፃ አስተካክልልሃለሁ!»

ወጣቱ ሐኪም ከት ብሎ ሳቀ። አብረውት የቆሙት ነርሶችም ሳቁ። በበሽተኛው ራስጌ የቆመችው ሚስቱ ግን ጥርሷን ነክሳ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ባሏ ዕድሜ ልኩን የሰው ፀጉር ሲያስተካክል ከመቀሱ ይልቅ አፉ ነው የሚሠራው። ይኸው አሁንም ከአንጀቱ ዕጢ በወጣለት በአራተኛው ቀን የተኛበትን ክፍል ፀጉር ቤት አድርጎታል።

«ሆድዎስ እንዴት ነው ጋሼ? ያስመልስዎታል?»

«ኧረ በፍጹም! ደህና ነኝ። ደግሞስ ይሄ ቁስል ይባላል? ምላጭ ስቶኝ የደንበኛ አገጭ ከዚህ አብልጬ ቆርጬ አውቃለሁ!»

እንደገና ሳቅ። እሷ ውስጧ ነደደ። ሆዱ ላይ ያሉት የቀዶ ሕክምናው ቀዳዳዎች ትንንሽ ስለሆኑ ሕመሙም ትንሽ ይመስለዋል። በካሜራ እየታየ በጠባብ ቀዳዳ ተሠራ እንጂ፣ ውስጥ ውስጡን አንጀት ተቆርጦ መሰፋቱን ስንቴ ነገረችው! ጎህ ሲቀድ ሆዱን ይዞ ሲያቃስት ላቡን የጠረገችው፣ አረንጓዴ ነገር ሲያስመልሰው ሳህን የያዘችለት እሷ ናት። «ትንፍሽ ትዪና ወየውልሽ! ዛሬ ቤቴ ነው የምገባው» ብሎ ሳህኑን አልጋ ሥር ያስደበቃት ደግሞ እሱ።

«እንግዲያው ዛሬ እንሸኝዎታለን» አለ ሐኪሙ።

ሚስትየው ጎንበስ አለችና ሳህኑን ጎትታ አወጣችው።

«ይኸው! ደህናው ሰው ከጠዋት ጀምሮ ያወጣው ይሄ ነው። እናንተ ሳቁ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሐኪሙ ብርድ ልብሱን ገልጦ ሆዱን ጫን አደረገው፤ እንደ ጣውላ ደርቋል። እጁን ብድግ ሲያደርግ ባልየው ጮኸ።

«አሳጣሽኝ!» አላት ዓይኑን አፍጥጦ፣ ትንፋሹ ሲመለስለት።

«ከማጣህ ባሳጣህ ይሻለኛል! አንተ ሰውዬ፣ ሬሳ ሆነህም ደህና ነኝ ልትል ነው?»

ሐኪሙ የልብ ምቱንና ሙቀቱን አስለካ። ሁለቱም አሻቅበዋል። ፊቱ ላይ የነበረው ጨዋታ ጠፋ።

«ጋሼ፣ የተሰፋው አንጀት ሳያፈስ አይቀርም። አሁኑኑ ተመልሰን ቀዶ ሕክምና እንገባለን። ምናልባት ሆድዎን ሰፋ አድርገን መክፈት ይኖርብናል። እስኪድንም ለጥቂት ወራት ሰገራው በሆድዎ በኩል ወደ ከረጢት ይወጣል።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በጊዜ ነው የነገሩን፣ እትዬ። ቤት ገብተው ቢሆን ኖሮ...» አልጨረሰውም።

«ከረጢት?» አለ ባልየው። «ደንበኞቼ ምን ይሉኛል?»

«ደንበኞችህ የሚያዩት የራሳቸውን ፀጉር ነው! አርፈህ ተኛ!»

አልጋው መንቀሳቀስ ሲጀምር ባልየው የሹራቧን እጅጌ ጨምድዶ ያዘ።

በኮሪደሩ ከአልጋው እኩል ዱብ ዱብ እያለች፣ «ልቀቀኝ እንጂ፣ ትጥለኛለህ እኮ! ምን ዓይነት ሰው ነው!» ትለዋለች። አልለቀቃትም። ቀና ብሎ ያያታል።

የቀዶ ሕክምናው በር ላይ ነርሷ፣ «እናቴ፣ ከዚህ አይታለፍም» አለቻትና ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀች።

በሩ ተዘጋ። እጅጌዋ ተለጥጦ እስከ ጣቷ ጫፍ ወርዷል። አልሰበሰበችውም።