ማይክሮፎኑ ፊት

ኮከቤ የአንገቷን እንቅርት በቀዶ ሕክምና ካስወጣች አሥራ ሁለት ቀን ሆኗት ነበር። ሐኪሙ «አሥር ቀን ዝም በይ፤ ከዚያ ድምፅሽን ቀስ ብለሽ ሞክሪው» ብሎ ነበር የሸኛት። እሷ ግን ቀኑ ካለፈም በኋላ አልሞከረችውም። ዘመሮ ከተማ በምታስተምርበት ክፍል ስልሳ ሕፃናት ፊደል የሚቆጥሩት የእሷን ድምፅ ተከትለው ነው። ሞክራው እምቢ ቢላትስ?

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከባሏ ከመልከ ጼዴቅ ጋር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል። ፊልሙ ስለ አንዲት የድሮ ተዋናይ ነበር። መልከ ጼዴቅ ከሥር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበበ ይተረጉምላታል።

«ይቺ ሴትዮ ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን ስሟ የገነነ ነበር» አላት። «አሁን ድምፅ ያለው መጣ። ድምፅሽ ካልሆነ እናሰናብትሻለን ብለዋታል።»

ተዋናይዋ ማይክሮፎኑ ፊት ቆማ ጉሮሮዋን በጣቶቿ ዳሰሰች። ኮከቤ ቁስሏን የሸፈነችበትን ሻሽ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ሴትዮዋ አየር ሳበች፤ ከንፈሯን ከፈት አደረገች። ይኼኔ መብራት ጠፋ።

«ተናገረች?»

ኮከቤ ሰው የገባ መስሏት ወደ በሩ ዞረች። ድምፁ ሻካራና ወፍራም ነበር። በሩ ላይ ማንም የለም። እጇ ቀስ ብሎ ወደ አፏ ሄደ።

መልከ ጼዴቅ የጠፋውን ቴሌቪዥን ትቶ እሷን ያይ ነበር። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ተናገረች» አላት።